ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ፦ ከፈቃድ ቦንድ ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሥራ ላይ ያለ ፈቃድ የያዘ የግንባታ ተቋራጭ ሁሉ የ25,000 ዶላር ዋስትና የማስያዝ ግዴታ አለበት። ይህ ዋስትና የተቋራጭ ፈቃድ ቦንድ ይባላል። ተቋራጩ የሙያውን ሕግ ጥሶ የቤት ባለቤትን፣ የገዛ ሠራተኛውን ወይም ዕቃ ያቀረበለትን ነጋዴ ቢጎዳ፣ ተጎጂው ከዚህ ገንዘብ ካሳ መጠየቅ ይችላል። በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ አካባቢ ቤት ገዝተው ወጥ ቤት የሚያሳድሱ፣ ጣሪያ የሚያስቀይሩ ወይም ጓሮ ውስጥ ተጨማሪ ክፍል የሚያሠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም የዚህ መብት ተጠቃሚ ናቸው። ገንዘቡ ግን በራሱ ጊዜ አይመጣም። በጽሑፍ መጠየቅ፣ በማስረጃ መደገፍና በጊዜው መድረስ አለበት።

ቦንዱ ምንድን ነው?

በቦንድ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው ግዴታ ያለበት ተቋራጩ ነው። ሁለተኛው ለተቋራጩ ዋስ የሚሆነው ኩባንያ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። ሦስተኛው ቦንዱ የቆመለት ተጠቃሚ፣ ማለትም በተቋራጩ ጥፋት የሚጎዳው ሰው ነው። ተቋራጩ ለዋሱ በየጊዜው የሚከፍለው አነስተኛ ክፍያ ሲሆን፣ ዋሱ ደግሞ ሕግ በሚፈቅደው ጉዳይ እስከ 25,000 ዶላር ለመክፈል ይገባለታል።

ቦንድ ከኢንሹራንስ ጋር ይምታታል፤ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ኢንሹራንስ ድንገተኛ አደጋን ይሸፍናል። ሠራተኛው ቧንቧ ሰብሮ ቤቱ በውኃ ቢጥለቀለቅ፣ ጉዳዩ በቅድሚያ የሚመለከተው ተቋራጩ የገባውን የኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው። ቦንዱ የሚመለከተው ግን ተቋራጩ ግዴታውን ባለመወጣቱና ሕግ በመጣሱ የደረሰውን ጉዳት ነው። ሌላው ልዩነት ዋሱ የከፈለውን ገንዘብ መልሶ ከተቋራጩ የመጠየቅ መብት ያለው መሆኑ ነው። ዕዳው በመጨረሻ የሚያርፈው በራሱ በተቋራጩ ላይ ስለሆነ፣ ኩባንያው ያለ በቂ ማስረጃ አይከፍልም፤ ተቋራጩም ጥያቄውን አጥብቆ ይቃወማል።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ጨረታ የሚያውቅ አንባቢ የጨረታ ማስከበሪያ፣ የውል ማስከበሪያና የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና የሚባሉትን ያስታውሳል። እነዚህ ለአንድ ጨረታ ወይም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የሚሰጡ ናቸው። የካሊፎርኒያው የፈቃድ ቦንድ ግን የተያያዘው ከተቋራጩ ፈቃድ ጋር ነው። ተቋራጩ በአንድ ጊዜ የአሥር ሰው ቤት ቢሠራ፣ ለአሥሩም የቆመው ያው አንድ 25,000 ዶላር ነው።

የቦንዱ መጠን በየጊዜው አድጓል። በ2007 12,500 ዶላር ነበር፤ በ2016 ወደ 15,000፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ ወደ 25,000 ዶላር ከፍ ብሏል። እንዲያም ሆኖ የአንድ ወጥ ቤት እድሳት ብቻውን ከዚህ በላይ ሊያስወጣ ስለሚችል፣ ቦንዱ ሁልጊዜ ጉዳቱን በሙሉ ይክሳል ተብሎ አይጠበቅም።

ማን መጠየቅ ይችላል?

የካሊፎርኒያ የንግድና የሙያ ሕግ አንቀጽ 7071.5 ተጠቃሚዎቹን ዘርዝሯል። በመጀመሪያ ረድፍ ያለው ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት ለማሳደስ ውል የገባ የቤት ባለቤት ነው። ይህ ሰው ተቋራጩ ሕጉን መጣሱንና በዚያም መጎዳቱን ካሳየ ይበቃዋል፤ ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ለሽያጭ ያልታሰበ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት አዲስ የሚያሠራ ባለንብረትም እንዲሁ በሕጉ ተጠቅሷል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉት፣ ለምሳሌ የሚያከራየውን ቤት የሚያሳድስ ባለንብረት ወይም ዕቃ በዱቤ ያቀረበ ነጋዴ፣ ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ወይም ማጭበርበር ያለበት መሆኑን ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ደመወዙን ያልተከፈለ የተቋራጩ ሠራተኛም ከቦንዱ መጠየቅ ይችላል።

ሕጉ ለሚኖርበት ቤት ባለቤት የተለየ ቦታ ሰጥቷል። ሌሎቹ ጠያቂዎች ሁሉ ተደምረው ከቦንዱ ሊያገኙ የሚችሉት ከ7,500 ዶላር አይበልጥም፤ ቀሪው ለቤት ባለቤቶች ብቻ የተጠበቀ ነው። የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ደግሞ የ4,000 ዶላር ጣሪያ አለው።

ምን ዓይነት ጥፋት ያስከስሳል?

ባለቤቱ በሥራው ስላልተደሰተ ብቻ ቦንዱ አይከፈልም። ቅሬታው ሕጉ እንደ ጥሰት ከሚቆጥራቸው ድርጊቶች በአንዱ ሥር መውደቅ አለበት። በብዛት የሚያጋጥሙት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ያለ ሕጋዊ ምክንያት ሥራን ጥሎ መሄድ ሲሆን፣ በአንቀጽ 7107 ተደንግጓል። ሁለተኛው ለአንድ ሥራ የተቀበሉትን ገንዘብ ለሌላ ማዋል ነው፤ ይህ በአንቀጽ 7108 ይገዛል። ለጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ የተሰጠው ገንዘብ የሌላ ደንበኛን ሥራ ለመጨረስ ሲውል ማለት ነው። ሦስተኛው ከተስማሙበት ፕላን ወይም ከሙያው ተቀባይነት ካለው ደረጃ ወጥቶ መሥራት ሲሆን፣ አንቀጽ 7109ን ይመለከታል። አራተኛው ሥራውን በውሉ በተጻፈው ዋጋ አለመጨረስ ነው፤ ቁጥሩ 7113 ነው። አምስተኛው በአንቀጽ 7120 የተመለከተው፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሳለ ለዕቃ አቅራቢዎችና ለንዑስ ተቋራጮች ሆን ብሎ አለመክፈል ነው።

የመጨረሻው ጥፋት ለቤት ባለቤት ከሚመስለው በላይ አደገኛ ነው። ባለቤቱ ለዋናው ተቋራጭ ሙሉውን ከፍሎ ቢጨርስም፣ ያልተከፈላቸው ሴራሚክ አቅራቢ ወይም ኤሌክትሪሺያን በቤቱ ላይ የዕዳ መያዣ ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። ባለቤቱ መያዣውን ለማስነሳት ሁለተኛ ጊዜ ከከፈለ፣ ያ ወጪ በቦንዱ ላይ ከሚቀርበው ጉዳት ይደመራል።

ጉዳቱ እንዴት ይሰላል?

ዋስትና ሰጪው ኩባንያ የሚመለከተው በገንዘብ ሊለካ የሚችለውን ጉዳት ነው። ብስጭት፣ የባከነ ጊዜና የተበላሸ ወዳጅነት በሒሳቡ አይገቡም። ሥራው በመሃል ሲቋረጥ የተለመደው ስሌት ቀላል ነው፦ ለመጀመሪያው ተቋራጭ የተከፈለውና ሥራውን ለመጨረስ የሚያስፈልገው ይደመርና የመጀመሪያው የውል ዋጋ ይቀነስለታል።

ለምሳሌ የወጥ ቤት እድሳት በ40,000 ዶላር ውል ተጀመረ እንበል። ባለቤቱ 28,000 ዶላር ከከፈለ በኋላ ተቋራጩ ጠፋ። ሌላ ባለፈቃድ ተቋራጭ የቀረውን ለመጨረስ 23,000 ዶላር ጠየቀ። ሁለቱ ሲደመሩ 51,000 ይሆናሉ፤ የውሉ 40,000 ሲቀነስ ጉዳቱ 11,000 ዶላር ነው። ብዙ ሰው የከፈለውን 28,000 በሙሉ ይጠይቃል፤ ኩባንያው ግን አስቀድሞ የተሠራውን ሥራ ዋጋ አይክስም። ከመጀመሪያው በትክክለኛው አኃዝ የቀረበ ጥያቄ ቶሎ ይታያል፤ የተጋነነው ደግሞ ክርክር ያስነሳል።

ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት

በመጀመሪያ ለተቋራጩ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ምን እንዳልተሠራ ወይም ምን እንደተበላሸ ዘርዝሮ፣ እስከ ምን ቀን ድረስ እንዲስተካከል እንደሚጠበቅ ይገልጻል። መድረሱ በሚረጋገጥበት መንገድ፣ ለምሳሌ በአደራ ፖስታ፣ ይላካል። ተቋራጩ ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ቀጥሎ ማስረጃው ይሰበሰባል። ዋናው ውልና ከውሉ በኋላ የተደረጉ የጽሑፍ ለውጦች፣ የተሰረዙ ቼኮች ወይም የባንክ መግለጫዎች፣ ደረሰኞች፣ በስልክ የተለዋወጡት መልእክቶች፣ ቀን ያለባቸው ፎቶግራፎች፣ የከተማው የግንባታ ተቆጣጣሪ የጻፈው ነገር ካለ እሱም ይያያዛል። ከሌላ ባለፈቃድ ተቋራጭ የተገኘ ዝርዝር የዋጋ ግምት አይቀሬ ነው፤ የጉዳቱን ልክ የሚያሳየው እሱ ነውና። የተበላሸው ሥራ ከመፍረሱ ወይም ከመታደሱ በፊት በፎቶግራፍ መመዝገብ አለበት። በአማርኛ የተለዋወጡት መልእክት ካለ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ማቅረብ ይበጃል።

በወገን መካከል ሥራ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በሰው በሰው ነው። አሠሪው ዋጋውን በቃል ይስማማል፤ ክፍያውንም በጥሬ ገንዘብ ይሰጣል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ውልም ደረሰኝም የሌለው ጠያቂ እውነት ቢኖረውም ኩባንያውን ለማሳመን ይቸገራል።

ጥያቄው የሚቀርበው ለማን ነው?

ተቋራጮችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል የካሊፎርኒያ የተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ ነው። ቦርዱ በ1929 የተመሠረተ ሲሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሳክራሜንቶ ይገኛል። የቦንዱን ገንዘብ ግን ቦርዱ አይዝም፤ አይከፍልምም። የካሳ ጥያቄው የሚላከው በቀጥታ ዋስ ለሆነው ኩባንያ ነው።

ኩባንያውን ለማወቅ በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ የተቋራጩን የፈቃድ ቁጥር ወይም የንግድ ስም ማስገባት ይበቃል። ገጹ የዋሱን ስም፣ የቦንዱን ቁጥር፣ መጠኑንና የጸናበትን ቀን ያሳያል። ተቋራጩ ዋስ ቀይሮ ከሆነ፣ ጥያቄው መሄድ ያለበት ጥፋቱ በተፈጸመበት ጊዜ ዋስ ለነበረው ነው። ስለዚህ የዛሬውን ቦንድ ብቻ ሳይሆን የቀድሞዎቹንም ዝርዝር መመልከት ያሻል። ለፈቃዱ የሚያስፈልገውን ብቃት ያሟላው ሰው ሌላ ቦንድ እንዲያስይዝ የሚገደድበት ሁኔታም አለ፤ በገጹ ላይ ሁለተኛ ቦንድ ከታየ በእሱም ላይ መጠየቅ ይቻላል።

ኩባንያው የራሱ ቅጽ ካለው ልኮ ያስሞላል። ቅጽ ባይኖረውም ደብዳቤ ይበቃል። ደብዳቤው የተቋራጩን ስምና የፈቃድ ቁጥር፣ የቦንዱን ቁጥር፣ ሥራው የተሠራበትን አድራሻ፣ የውሉን ቀንና ዋጋ፣ የተከፈለውን፣ የተፈጸመውን ጥሰትና የሚጠየቀውን የገንዘብ መጠን በቅደም ተከተል ይይዛል። ጥሰቱ የሚወድቅበትን የሕግ አንቀጽ መጥቀስ ጥያቄውን ያጠናክረዋል። ሁሉም ማስረጃ በቅጂ ይላካል፤ ዋናው በጠያቂው እጅ ይቀራል።

ኩባንያው ምን ያደርጋል?

ጥያቄው ሲደርሰው ኩባንያው መድረሱን ለጠያቂው ያሳውቃል፤ ከዚያም ምርመራ ይጀምራል። ለተቋራጩም ይነግረዋል። ኩባንያው በፈቃዱ ከመክፈሉ በፊት ተቋራጩ ተቃውሞውን በጽሑፍ ለማቅረብ ከ15 ቀን ያላነሰ ጊዜ ይሰጠዋል። ተቃውሞው ደረቅ እምቢታ ሳይሆን ምክንያቱን የሚገልጽ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሦስት ሊያመራ ይችላል። ማስረጃው ግልጽ ከሆነ ኩባንያው ይከፍላል፤ ወይም በተቀነሰ መጠን ስምምነት ያቀርባል። ማስረጃው ካልበቃው ተጨማሪ ይጠይቃል። ሁለቱ ወገኖች በፍሬ ነገሩ ላይ ከተካካዱ ደግሞ ጥያቄውን ውድቅ አድርጎ ጠያቂው የፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲያመጣ ሊነግረው ይችላል። ኩባንያው መልስ ካጓተተ ወይም ያለ ምክንያት ዝም ካለ፣ አቤቱታው የሚቀርበው ለካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነው።

ከቦንዱ ክፍያ ሲፈጸም ኩባንያው ለፈቃድ ቦርዱ ያሳውቃል። ተቋራጩ ገንዘቡን ለዋሱ ካልመለሰ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ሠርቶ የሚበላበትን ፈቃድ ላለማጣት ሲል ጥያቄው ገና ሲቀርብ ከባለቤቱ ጋር ለመታረቅ የሚመጣ ተቋራጭ የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ

25,000 ዶላር የጥያቄ ሁሉ ድምር ጣሪያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የሚደርስ መጠን አይደለም። ቦንዱ ለሁሉም ሳይበቃ ሲቀር ሕጉ ገንዘቡ እንደ ጥያቄያቸው መጠን እንዲከፋፈል ያዛል። ሦስት የቤት ባለቤቶች አንዱ 20,000፣ ሁለቱ ደግሞ 15,000፣ 15,000 ዶላር ቢያረጋግጡ ድምሩ 50,000 ይሆናል። ቦንዱ የዚህ ግማሽ ስለሆነ እያንዳንዱ የጥያቄውን ግማሽ፣ ማለትም 10,000፣ 7,500 እና 7,500 ዶላር ያገኛል። ቀደም ብሎ ለሌላ ሰው የተከፈለ ገንዘብ ካለ ደግሞ የሚከፋፈለው የቀረው ብቻ ነው። ብዙ ሥራ ጀምሮ የጠፋ ተቋራጭ ሲያጋጥም ቀድሞ መጠየቅ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

የጊዜ ገደብ

የካሊፎርኒያ ተቋራጭ ፈቃድ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። በቦንዱ ላይ የሚቀርብ ክስ ጥፋቱ የተፈጸመበት የፈቃድ ዘመን ካበቃበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የፈቃዱ ዘመን ያበቃው በማርች 31 ቀን 2025 ከሆነ፣ በዚያ ዘመን ለተፈጸመ ጥፋት የመጨረሻው ቀን ማርች 31 ቀን 2027 ይሆናል። የደመወዝ ጥያቄ ከዚህ ያጥራል፤ ጉድለቱ ከታወቀ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ለኩባንያው ደብዳቤ መጻፍ ክስ መመሥረት አይደለም። ከኩባንያው ጋር ሲጻጻፉ ቀኑ ካለፈ መብቱ ሊቀር ስለሚችል፣ ገደቡ ሲቃረብ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ከቦንዱ ጎን ለጎን ያሉ መንገዶች

ቦንዱ ብቸኛ መፍትሔ አይደለም። ለፈቃድ ቦርዱ የሚቀርብ አቤቱታ ለብቻው የሚሄድ መንገድ ነው። ቦርዱ ጉዳዩን ሊመረምር፣ ሁለቱን ወገን ሊያስማማ፣ ወደ ግልግል ዳኝነት ሊመራ፣ ሲብስም ፈቃዱን ሊያግድ ወይም ሊሽር ይችላል። ለቦርዱ ማመልከት ግን የቦንዱን የጊዜ ገደብ አያቆመውም።

ሌላው የአነስተኛ ክሶች ችሎት ነው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ አንድ ግለሰብ በዚህ ችሎት ተቋራጩን እስከ 12,500 ዶላር መክሰስ ይችላል። በዋሱ ላይ የሚቀርበው ክስ የተለየ ጣሪያ ስላለው አስቀድሞ ከችሎቱ መጠየቅ ይገባል። ማመልከቻው ከ30 እስከ 75 ዶላር ያስከፍላል። ተከራካሪዎች በጠበቃ አይወከሉም፤ የአማርኛ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ ማስታወቅ ይችላል። ከሳሹ ከተሸነፈ ይግባኝ የለውም። ካሸነፈ ግን ውሳኔው ለዋሱ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ነው። ጉዳቱ ከዚህ በላይ ከሆነ በመደበኛው ፍርድ ቤት በጠበቃ መክሰስ ይሻላል።

ፈቃድ ከሌለ ቦንድ የለም

ይህ ሁሉ የሚሠራው ተቋራጩ ፈቃድ ካለው ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ የዕቃና የጉልበት ዋጋው 1,000 ዶላር የሚደርስ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በታች ያለውም ቢሆን የግንባታ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ወይም ሠራተኛ ከተቀጠረበት እንዲሁ ነው። ፈቃድ የሌለውን ሰው ያሠራ ባለቤት የሚጠይቀው ዋስ የለውም። በእርግጥ ሕጉ ፈቃድ ለሌለው ሠሪ የተከፈለውን ገንዘብ በሙሉ በፍርድ ቤት ለማስመለስ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የተፈረደበት ሰው ገንዘብ ከሌለው ውሳኔው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በጃንዋሪ 2025 አልታዲናንና ፓሲፊክ ፓሊሴድስን ካወደመው ዓይነት እሳት በኋላ ይህ አደጋ ይብሳል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ለመገንባት ሲቸኩል፣ ፈቃድ የሌለው ሠሪም በርካሽ ዋጋ በሩን ያንኳኳል። በታወጀ የአደጋ ቀጣና ያለ ፈቃድ የግንባታ ሥራ መሥራት በከባድ ወንጀል ሊያስከስስ ይችላል።

ውል ከመፈረሙ በፊት የሚደረጉ ጥንቃቄዎች ጥቂት ናቸው። የተቋራጩን የፈቃድ ቁጥር ተቀብሎ በቦርዱ ድረ ገጽ ማጣራት፤ ፈቃዱ የጸና፣ ቦንዱም ያልተቋረጠ መሆኑን ማየት፤ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ። ለቤት እድሳት የሚጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው፣ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያም ከተሠራው ሥራ መቅደም አይችልም። ይህን የክፍያ ሥርዓት የጠበቀ ባለቤት ተቋራጩ ጥሎት ቢሄድ እንኳ የሚደርስበት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከቦንዱ መጠን አይበልጥም፤ በጥሬ ገንዘብ አስቀድሞ የከፈለውን ግን 25,000 ዶላር ላይክሰው ይችላል።